ታፔላ ከመስቀላችሁ በፊት፦ በዋሽንግተን ታሪካዊ ሰፈሮች ለምትነግዱና ለምትኖሩ ማሳሰቢያ

በዋሽንግተን ዲሲ «ሂስቶሪክ» ተብለው የተከለሉ ሰፈሮች ከ50 በላይ ናቸው። እኛ በብዛት የምንነግድበት የዩ ስትሪትና የ9ኛው ስትሪት አካባቢ ከነዚህ በአንዱ ውስጥ ነው። ወደ ሾው ብትወርዱም፣ ጆርጅታውን ብትሻገሩም ያው ጉዳይ ይገጥማችኋል። ስለዚህ ምግብ ቤት፣ ካፌ፣ መደብር ወይም የመኖሪያ ቤት ያላችሁ፣ ይልቁንም ገና ቁልፍ ልትቀበሉ የተዘጋጃችሁ፣ ይህን አንብቡ። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሕንፃው ሆድ የእናንተ ነው፤ በፊቱ ላይ ግን መንገደኛውም ድርሻ አለው። ሕጉ የሚለው በአጭሩ ይኸው ነው። የውስጥ ግድግዳ ብታነሡ፣ ወለል ብትቀይሩ፣ ባንኮኒ ብትሠሩ፣ የግንባታ ፈቃዱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ውስጡ ራሱ ቅርስ ተብሎ ካልተመዘገበ በቀር የቅርስ ጥበቃ ሰዎች አያገባቸውም። ውጪውን ለመንካት ግን አስቀድማችሁ ትጠይቃላችሁ። የጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀድለታል። ሳይጠይቅ የሠራ ግን ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዴ ለማሠራት፣ አንዴ ለማስነሣት።

ውል ሳትፈርሙ አድራሻውን እዩ። የከተማው ፕላን ቢሮ «ፕሮፐርቲ ክዌስት» የሚባል ካርታ በኢንተርኔት ላይ አለው። አድራሻውን ስትጽፉበት ቤቱ በታሪካዊ ሰፈር ውስጥ መሆን አለመሆኑን ይነግራችኋል። «ሂስቶሪ ክዌስት» የሚባለው ሌላው ካርታ ደግሞ ቤቱ የተሠራበትን ዓመት ያሳያል፤ አንዳንዴም የአርክቴክቱንና የመጀመሪያውን ባለቤት ስም ይጨምራል። ይህን ደላላው ይሠራልኛል ብላችሁ አትጠብቁ። የእርሱ ጉዳይ ኮሚሽኑ ነው።

ውሉን ስታነቡ ፈቃድ የሚያወጣው ማን እንደሆነ ፈልጉ። ለውጡን የምታደርጉት እናንተ ብትሆኑም ባለንብረቱ መስማማት አለበት፤ ፊርማው የሚያስፈልግበት ቀን ሲደርስ ስልክ የማያነሣ ላንድሎርድ ስንት ሰው አስለቅሷል። ፈቃዱ ቢዘገይ ኪራዩ መቁጠር ይጀምራል ወይስ ይጠብቃል? ከእናንተ በፊት የነበረው ተከራይ ያለ ፈቃድ የሰቀለው ሸራ ወይም የቀየረው በር ቢኖር ቅጣቱ የማን ነው? «ችግር የለም፣ እኔ አለሁ» ያላችሁ ሰው ነገ ሕንፃውን ሊሸጥ ይችላል፤ የሚቀረው ወረቀቱ ነው። «ኪራይ የሚጀምረው ፈቃድ ከወጣበት ቀን ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር እንዲገባ መጠየቅ በዚህ ከተማ ነውር አይደለም። እኛ ግን «ቦታው ያመልጠኛል» ብለን እንቸኩልና ስድስት ወር ሙሉ ለተዘጋ በር እንከፍላለን።

ቢሮዎቹን አታደበላልቁ። ፈቃዱን የሚሰጠው የሕንፃዎች መሥሪያ ቤት ነው። ዲሲአርኤ ሲባል የኖረው መሥሪያ ቤት በ2022 ለሁለት ሲከፈል የግንባታው ሥራ ለዚህኛው ደረሰው፤ የቆዩ ሰዎች ግን አሁንም «ዲሲአርኤ ሂድ» ይላሉ። አድራሻው ታሪካዊ ሰፈር ውስጥ ከሆነ ማመልከቻው በፕላን ቢሮ ሥር ወዳለው የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ቢሮ ያልፋል። ታፔላን፣ የሸራ ጥላን፣ የመስኮት ቅያሪንና የመሳሰለውን ባብዛኛው የቢሮው ባለሙያ ራሱ አይቶ ይጨርሰዋል። ከበድ ያለው፣ ማለትም አዲስ ሕንፃ፣ ትልቅ ቅጥያ፣ ማፍረስ፣ ወይም ባለሙያው ያልተስማማበት ነገር፣ ዘጠኝ አባላት ወዳሉት ገምጋሚ ቦርድ ይሄዳል። አባላቱ በከንቲባ ተሹመው በከተማው ምክር ቤት የሚጸድቁ ናቸው። አርክቴክትም፣ የታሪክ ባለሙያም፣ እንዲሁ ነዋሪም አለባቸው።

የዚህ ሁሉ መነሻ የ1978 የከተማው ሕግ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ኒው ዮርክ በግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ አናት ላይ ሰማይ ጠቀስ እንዳይሠራ መከልከሏ አግባብ ነው ሲል ፈርዷል። «የገዛ ንብረቴ ነው፣ ማን አገባው?» የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ ሩቅ አይወስድም። ባይጀመርም ይሻላል።

ጆርጅታውን ከሆናችሁ ደግሞ ሌላም ደጃፍ አለ። እዚያ ከ1950 ጀምሮ በኮንግሬስ ሕግ የቆመ፣ ሦስት አርክቴክቶች ያሉበት ቦርድ የውጪውን ለውጥ ይመለከትና ለፌዴራሉ የኪነ ጥበባት ኮሚሽን አስተያየት ይሰጣል። ታፔላም በዚያው በኩል ያልፋል። ጊዜ ጨምራችሁ አስቡ።

ለታፔላው ሕንፃው ራሱ ያዘጋጀውን ቦታ ፈልጉ። አሮጌዎቹ የሱቅ ግንባሮች ሲሠሩ ከመስታወቱ በላይ፣ ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት በታች፣ ለስም ተብሎ የተተወ አግድም ቦታ አላቸው። ታፔላው እዚያ ልክ ሲገባ የሚከራከር ብዙም አይገኝም። ጠቡ የሚነሣው ያን አልፎ የመስኮቱን ቅስት ሲሸፍን፣ የጡቡን ጌጥ ሲደብቅ፣ ወይም የጎረቤትን ፊት ጨምሮ ሲንጣለል ነው።

ከውስጥ የሚበራውን የፕላስቲክ ሳጥን አትዘዙ። ርካሽ ነው፤ ታፔላ ሠሪውም መጀመሪያ የሚያሳያችሁ እርሱኑ ነው። በታሪካዊ ሰፈር ግን ባለሙያዎቹ በቀላሉ የማይቀበሉት ዓይነት ይሄ ነው። በእንጨት ወይም በብረት ሰሌዳ ላይ የተሳለ፣ አንድ በአንድ ተቆርጠው የተገጠሙ ፊደላት፣ ከላይ ጎንበስ ያለ አምፖል የሚያበራው፣ ወይም ብርሃኑ ከፊደሉ ጀርባ ግድግዳው ላይ የሚያርፍ ታፔላ ያለ ብዙ ውጣ ውረድ ያልፋል። ለነገሩ የእኛ ፊደል ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ወፍራም እግሩና ክብ ራሱ በብረት ሲቆረጥ ከሩቅ ይነበባል፤ በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ሲታተም ግን ለላቲኑ ታዛዥ ሆኖ በጥግ ይኮማተራል።

ታፔላ ሠሪው ግእዝ አያነብም። ስለዚህ ናሙናውን ፊደል በፊደል አጣሩ፤ ኮምፒዩተሩ ሐውን በሀ ባይለውጥ እንኳ ፊደሉን በባዶ ሣጥን ሊተካው፣ ሁለቱን ነጥብም ሊያስቀር ይችላል። ይህ ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ከአያታችሁ ጋር ነው።

በየትኛው ቋንቋ እንደምትጽፉም አትጨነቁ። የቅርስ ጥበቃ ቢሮው የሚያየው መጠኑን፣ ቦታውን፣ የተሠራበትን ዕቃና መብራቱን ነው። በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ መጻፉ የእርሱ ጉዳይ አይደለም። «እንግሊዝኛ ካልበዛበት አይፈቀድም» የሚለው የሰፈር ወሬ መሠረት የለውም።

እንዲያውም ከዩ ስትሪት ወደ ደቡብ ወረድ ብላችሁ ቻይናታውን ስትደርሱ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ በከተማው የንድፍ መመሪያ መሠረት የንግድ ታፔላዎች የቻይንኛ ጽሕፈት እንዲኖራቸው ይጠበቃል። ትልልቆቹ የቡናና የምግብ ሰንሰለቶች ስማቸውን በቻይንኛ ጽፈዋል፤ በ1986 የቆመው ባለ ጌጥ የወዳጅነት በርም እንደ ቆመ ነው። የቻይና ተወላጅ ነዋሪዎቹ ግን አብዛኞቹ በኪራዩ መናር ሰፈሩን ለቀዋል። አንዳንድ ወገኖች ለ9ኛው ስትሪትም እንዲህ ያለ መመሪያ ቢወጣልን ሲሉ እሰማለሁ። እኔ አልቸኩልም። የጽሕፈት ግዴታ ኪራይን አልከለከለም፤ የኪራይ ውላችንን ማራዘም ይቅደም።

ስለ ቀለም፣ ዲሲ ውስጥ ቦርዱ የቀለም ምርጫ አይቆጣጠርም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ያሻችሁን በቀድሞ ቀለም ላይ ቀቡ። ያልተቀባ ጡብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። የመስኮቱን መስታወት ከጫፍ እስከ ጫፍ በክትፎና በበያይነቱ ፎቶ አትሸፍኑ። የሱቅ ግንባር መስታወት የተሠራው ውስጡ እንዲታይ ነው፤ የሚበላ ሰው ከሚበላ ሰው ፎቶ የበለጠ ደንበኛ ይጠራል። ጽሑፍ የሚሮጥበት የኤልኢዲ ሰሌዳም ይቅርባችሁ። ኒዮን ከፈለጋችሁ ባለሙያውን አማክሩ፤ ዩ ስትሪት ለኒዮን እንግዳ አይደለም።

ሲገጠም ብሎኑ በጡቡ ሳይሆን በጡቦቹ መጋጠሚያ ይግባ። መጋጠሚያው ነገ ይጠገናል፤ የተበሳ ጡብ ግን እንደተበሳ ይቀራል። ለዕንቁጣጣሽ የተሰቀለ ባነር ፋሲካ ድረስ ከቆየ ጊዜያዊ መሆኑ ቀርቷል፤ አውርዱት። አሮጌ ታፔላ ስታነሡ ሥሩ የደበዘዘ የድሮ ጽሑፍ ብቅ ቢል ደግሞ አትፋቁት፣ ለባለሙያው አሳዩት።

ጡቡን በአሸዋ አታስፈትጉ። ይህ ትእዛዝ የባለሥልጣን ቅንጦት አይደለም። የመቶ ዓመት ጡብ ጠንካራው ክፍሉ በእሳት የበሰለው ውጫዊ ቆዳው ነው። አሸዋ በግፊት ሲረጭበት ያ ቆዳ ይገፈፋል፤ ውስጡ ያለው ለስላሳ ሸክላ ውሃ ይጠጣል፤ ክረምት ሲመጣ ውሃው በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል። በአንድ ቅዳሜ የጸዳ ግድግዳ በጥቂት ክረምት ውስጥ መፈርፈር የሚጀምረው ለዚህ ነው።

በመጋጠሚያው ላይም ተመሳሳይ ስሕተት ይሠራል። የድሮው መጋጠሚያ ኖራ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ግድግዳው በሙቀትና በብርድ ሲንቀሳቀስ እርሱ ይሸከመዋል፣ እርጥበቱም በእርሱ በኩል ይወጣል። «ሲሚንቶ ይበልጣል፣ ጠንካራ ነው» ብሎ በሲሚንቶ የሚደፍን ኮንትራክተር ጉልበቱን ወደ ጡቡ ያዞረዋል፤ ከዚያ የሚሰነጠቀው ጡቡ ይሆናል። ኮንትራክተራችሁን ከኖራ ጋር ሠርቶ እንደሚያውቅ ጠይቁት። ካሳቀው ሌላ ፈልጉ። ቀለም ነክቶት የማያውቅ ጡብ መቀባትም እርጥበቱን ውስጥ ይቆልፋል፤ አንዴ ከተቀባም በየጥቂት ዓመቱ መቀባት ነው። ብሩሽ ከማንሣታችሁ በፊት ቢሮውን ጠይቁ።

መስኮት ያለ ፈቃድ አይቀየርም። «ያው መስኮት በመስኮት ነው» የሚል ኮንትራክተር አትመኑ፤ በታሪካዊ ሰፈር ይህም ፈቃድ ይጠይቃል። በመንገዱ በኩል ያለው መስኮት በመጠኑ፣ በክፍፍሉና በአሠራሩ የቀድሞውን መምሰል አለበት። ከፍ ያለውን ቅስት በጣውላ ደፍኖ አነስ ያለ ባለ አራት ማዕዘን መግጠም በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። ከኋላ በኩል ብዙ ነፃነት አላችሁ፤ በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ውዱን ለፊት፣ ርካሹን ለኋላ። ለመስታወቱ ጥበቃ ሻተር የምታስቡ ደግሞ ውጪውን የሚደፍን ቆርቆሮ ተዉ። ከውስጥ የሚወርድ፣ የሚያሳይ ወንፊት ምረጡ።

ኩሽናውን ከመሳላችሁ በፊት የጭሱን መንገድ ወስኑ። ውስጡ አይገመገምም ብያለሁ፤ ዳሩ ግን ከውስጥ ጀምሮ ውጪ የሚያጣላ አንድ ነገር ቢኖር የጭስ ማውጫው ቱቦ ነው። ምድጃው በጎን ግድግዳ በኩል ከሆነ ቱቦው በዚያው ይወጣና ከመንገድ ይታያል። ያኔ ባለሙያው ይመልሰዋል፣ መሐንዲሱ እንደገና ይስላል፣ እናንተ እንደገና ትከፍላላችሁ። ምድጃው ወደ ኋላ፣ ቱቦው በጓሮ በኩል ወይም በውስጥ ተደብቆ በጣሪያው ይውጣ። የማቀዝቀዣውም ማሽን ከጣሪያው ጫፍ ገባ ይበል። በጣሪያ ላይ ሰገነት ወይም ተጨማሪ ፎቅ ለሚያስቡ ቢሮው አንዳንዴ ጣሪያው ላይ እንጨትና ባንዲራ አቁሙ ይላል፤ ከማዶው እግረኛ መንገድ ሆኖ ይታይ እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው። እናንተም ባለሙያው ሳይመጣ ይህንኑ አድርጉ፤ ወጪው የሰዓታት ድካም ነው።

ከቤቱ ፊት ያለውን አፈር የእኔ ነው አትበሉ። በአሮጌው የከተማው ክፍል በተያያዙት ቤቶች ፊት ያለው የአትክልት ቦታ ባብዛኛው የሕዝብ መሬት ነው። ነገሩ ከ1870 ጀምሮ በሕግ የመጣ ነው፤ መንገዶቹ ከመጠን በላይ ሰፊ ስለነበሩ ጠርዛቸው ለአትክልት ተለቀቀ፣ ባለቤትነቱ ግን አልተላለፈም። ስለዚህ አጥር፣ ጠረጴዛ፣ ድንኳንና ማሞቂያ ከከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። የታሪካዊ ቅርስ ቢሮውም ያየዋል።

ቅዳሜና እሁድ ተደብቃችሁ አትሥሩ። «አይዞህ፣ ኢንስፔክተር ቅዳሜ አይወጣም» የሚሉ ሞልተዋል። ጎረቤት ግን ቅዳሜም ቤቱ ነው፤ ስልኩም ፎቶ ያነሣል። «ሥራ አቁም» የሚለው ወረቀት በራችሁ ላይ ሲለጠፍ ውጪው ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ የውስጡም ሥራ አብሮ ሊታገድ ይችላል፣ ያኔ የመክፈቻው ቀን ተረት ይሆናል። ከዚያ በኋላ «አንዴ ተሠርቷል፣ ምን ይደረግ» የሚል ነገር አይሠራም። ቦርዱ ያለ ፈቃድ የቆመውን የሚመዝነው እንዳልተሠራ ቆጥሮ ነው፤ ያወጣችሁት ወጪ ከሚዛኑ አይገባም።

ከቦርዱ በፊት ወደ ኤኤንሲ ሂዱ። ኤኤንሲ የሚባሉት የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኖች በየሁለት ዓመቱ የሚመረጡ፣ ደመወዝ የሌላቸው ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። ውሳኔያቸው አያስገድድም። የከተማው መሥሪያ ቤቶች ግን በጽሑፍ ለሰጡት አስተያየት ትልቅ ክብደት እንዲሰጡና ካልተቀበሉትም ምክንያታቸውን እንዲገልጹ ሕግ ያስገድዳቸዋል። አብዛኞቹ ወገኖቻችን ኤኤንሲን የሚያውቁት በአልኮል ፈቃድ ጊዜ፣ ያውም በጠብ ነው። ምንም ሳትፈልጉ አንድ ምሽት ሄዳችሁ ተዋወቁ።

ቦርዱ ፊት ስትቀርቡ የሕንፃውን የድሮና የዛሬ ፎቶ፣ የግራና የቀኝ ጎረቤቶቹን ፎቶ፣ ልኩ የተጻፈበት ንድፍና የምትጠቀሙበትን ዕቃ ናሙና ያዙ። የመጀመሪያ ሐሳባችሁን ሙሉ ንድፍ ሳታሠሩ ማቅረብ ይቻላል፤ ይህ ለአርክቴክት የሚወጣውን ብር ያድናል። «ንግድ ቀዝቅዟል፣ ልጆች አሉኝ» ማለት እውነት ነው፤ ቦርዱ የሚመዝነው ግን ለውጡ ከሰፈሩ ጋር መስማማቱን ነው። ከባድ የኢኮኖሚ ችግር የሚሰማበት ሌላ ቦታ አለ፤ «የከንቲባው ወኪል» ይባላል፣ እርሱም ካልሆነ የከተማው ይግባኝ ፍርድ ቤት ነው። «እነ እገሌም ሠርተዋል» ብላችሁ የጎረቤትን ታፔላ አትጠቁሙ። እናንተ አታልፉም፤ ለእርሱ ግን ኢንስፔክተር ትልካላችሁ።

እንግሊዝኛ ቢቸግራችሁ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አታስቀሩ። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዝዛል። አማርኛ ደግሞ ከተማው ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ብትከለከሉ አቤቱታው ለሰብአዊ መብቶች ቢሮ ይቀርባል። ይህን መብት ሳንጠቀምበት የተሳሳተ ቅጽ የምንፈርመው በይሉኝታ ነው።

የመንገዱን ታሪክ እወቁ። ዩ ስትሪት ታሪካዊ ሰፈር የተባለው በ1998 ነው፤ የተባለውም በእኛ ምክንያት አይደለም። ጥቁር አሜሪካውያን መሀል ከተማ በማይፈለጉበት ዘመን የራሳቸውን ከተማ እዚህ ሠሩ። 12ኛውና ዩ ላይ ያለው የትሩ ሪፎርመር ሕንፃ በ1903 ሲቆም አርክቴክቱ ጆን ላንክፎርድም፣ ያሠራው ማኅበርም ጥቁሮች ነበሩ። የሃዋርድ ቴአትር በ1910፣ የሊንከን ቴአትር በ1922 ተከፈቱ። ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል መንገዱ ነደደ፤ ሜትሮው ሲቆፈር ደግሞ የተረፈው ነጋዴ ለዓመታት በአቧራ ውስጥ ኖረ፣ ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው። የእኛ ሰዎች በብዛት የገቡት ከዚያ በኋላ፣ ኪራዩ ገና ርካሽ ሳለ ነው።

በ2005 የ9ኛውን ስትሪት አንድ ክፍል «ሊትል ኢትዮጵያ» ለማሰኘት እንቅስቃሴ ሲነሣ ብዙ የቆዩ ነዋሪዎች ተቆጡ። የእኛ ወገን ቅር አለው። እኔ ግን ቁጣቸው ይገባኛል። በ2016 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ፒያሳ ስትፈርስ ከዚህ ሆኖ በስልኩ እያየ ያዘነ ሰው፣ የአያቱን የዳንስ አዳራሽ የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚሰማው አይጠፋውም። ስለዚህ ሕንፃችሁ ከእናንተ በፊት ምን እንደነበረ አጣርታችሁ በር አጠገብ በትንሽ ሰሌዳ ጻፉት። ማንም አላዘዛችሁም፤ በኤኤንሲ ስብሰባ ላይ ግን ከማንኛውም ንድፍ በላይ ይናገራል።

ለሌላውም ጉዳይ ቅረቡ። የቦርዱ ስብሰባ ክፍት ነው፤ ማንም ነዋሪ ስለ ማንኛውም ጉዳይ መናገር ወይም መጻፍ ይችላል። ከጎናችሁ አሥር ፎቅ ሊሠራ ሲታሰብ ጠበቃና አርክቴክት አሰልፎ የሚመጣው ገንቢ ነው። የአሮጌው ሕንፃ ፊት እንደ ልጣጭ ይቀርና ከኋላው ግንብ ይነሣል። በዚህ ላይ ሕጉ ግልጽ ድክመት አለበት፤ የሚጠብቀው ግድግዳውን እንጂ ተከራዩን አይደለም። ለአንድ የሸራ ጥላ ሦስት ወር የምትመላለስ እናት ይህን ስታይ ብትመረር አይፈረድባትም። መልሱ ግን መቅረት አይደለም፤ ወንበሩን ባዶ ባገኘው ቁጥር ገንቢው ብቻውን ይናገራል።

ገንዘብ አለ፤ የሚገኘው ግን ቀድሞ ላመለከተ ነው። በብሔራዊ መዝገብ ባለ ታሪካዊ ሰፈር ውስጥ ሰፈሩን ታሪካዊ ካደረጉት አንዱ ተብሎ የተቆጠረ፣ ለንግድ ወይም ለኪራይ የሚውል ሕንፃ በደንቡ መሠረት ሲታደስ የፌዴራል መንግሥት ከወጪው 20 በመቶውን ከግብር ይቀንሳል፤ የሚቀነሰውም በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ ነው። እድሳቱ ከ5,000 ዶላርና በግብር ሕጉ ከተሰላው የሕንፃው ዋጋ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው መብለጥ አለበት። ንድፉ ሥራ ሳይጀመር ለፌዴራሉ የፓርኮች አገልግሎት ቢቀርብ ይሻላል፤ ካለቀ በኋላ «ይህ መስኮት አይሆንም» ቢባል ጥቅሙ ይቀራል። ተከራይም መጠቀም ይችላል፣ ግን ውሉ ለንግድ ሕንፃ ቢያንስ 39 ዓመት የሚቀረው መሆን አለበት። 39 ዓመት የሚቀረው ውል ያለው እንጀራ ቤት እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ጥቅሙ የላንድሎርዱ ነው፤ ይህን አውቃችሁ ስትደራደሩ በኪራዩ ላይ መቀነሻ አድርጉት። የመኖሪያ ቤት ላላቸውና ገቢያቸው መካከለኛና ከዚያ በታች ለሆነ የዲሲ ነዋሪዎች ደግሞ ከተማው በተወሰኑ ሰፈሮች ለውጪ እድሳት የሚሰጠው ድጎማ አለ፤ በቅርስ ጥበቃ ቢሮው በኩል ጠይቁ።

ወረቀቱን አስቀምጡ። ሥራው ሲያልቅ የመጨረሻውን ምርመራ አስደርጉ፣ ማኅተም የተመታበትን ንድፍ ከፈቃዱ ጋር በአንድ ማኅደር ያዙ፣ የተጠናቀቀውን ፊት ፎቶ አንሡ። ድርጅቱን የምትሸጡለት ሰው ከዕቃው፣ ከአልኮል ፈቃዱና ከቁልፉ ጋር ይህንንም ይቀበል። አዲሱ ባለቤት ስሙን ከቀየረ ታፔላው እንደ አዲስ ፈቃድ ይፈልጋል፤ የእናንተው አይሸፍነውም። ይህንንም ሳትደብቁ ንገሩት።